የ142 ናኖሰከንድ ዕድሜ

አክስቴ ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ ፔት ስካን ተነስተው ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ውጤቱ አልነበረም። «ያ የወጉኝ መድኃኒት አሁንም ውስጤ አለ?» አሉኝ። ፊዚክስ ተምሯል ስለሚባል በቤታችን እንዲህ ያለው ጥያቄ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው።

«አለ እትዬ፣ ግን እያለቀ ነው። በሁለት ሰዓት ገደማ ግማሹ ያልቃል፣ ከዚያ የቀረውም እንደዚያው እየተጋመሰ ይሄዳል።»

«እሱስ ይሁን። ልጅቷ ‹ውስጥዎ ገብቶ ብልጭ እያለ ይጠፋል› ነው ያለችኝ። አንዱ ከመጥፋቱ በፊት ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ወዲያው ነው የሚጠፋው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ።

ማታ ግን መልሴ ከነከነኝ። «ወዲያው» ብዬ ያለፍኳት ነገር እኮ ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ የለኳት፣ የተሳሳቱባት፣ የተከራከሩባት ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለዚህ ጉዳይ የተማርኩት ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከዚያ ማታ በኋላ ግን አሮጌ ጽሑፎችን እያነሳሁ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው ለአክስቴ መመለስ የነበረብኝ መልስ ነው። ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

የተወጉት መድኃኒት ፖዚትሮን ይረጫል። ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ግልባጭ ነው። ክብደቱ እኩል ነው፣ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ግን ፖዘቲቭ ነው። ፖል ዲራክ በ1931 እንዲህ ያለ ነገር መኖር አለበት ብሎ በወረቀት ላይ ተነበየ። በነሐሴ 1932 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካርል አንደርሰን በደመና ክፍል ፎቶግራፍ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ የተጠማዘዘ ቀጭን መስመር አየ። ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ በምትካቸው ጋማ ጨረር ይወጣል። ፔት ስካን የሚያነሳው ይህንን ጨረር ነው።

ይሁንና ሁለቱ ሲገናኙ ሁልጊዜ በቅጽበት አይጠፋፉም። አንዳንዴ አስቀድመው አንዱ ሌላውን እየዞረ ለጥቂት ጊዜ አብረው ይኖራሉ። ይህ ሃይድሮጅንን የሚመስል፣ ግን አስኳል የሌለው አቶም ነው። ስሙ ፖዚትሮኒየም ነው። ስፋቱ የሃይድሮጅንን እጥፍ ነው፣ የሚያያይዘው ጉልበት ደግሞ ግማሹን ብቻ። በሰው ሥጋ ውስጥ ከሚረጩት ፖዚትሮኖች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ከመሞታቸው በፊት ይህን ዓይነት ጎጆ ይቀልሳሉ። ስለዚህ አክስቴ በዚያ ጠባብ ማሽን ውስጥ ተጋድመው ሳለ፣ ሰውነታቸው ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ፖዚትሮኒየም እየተወለደ እየሞተ ነበር። ምስሉን ያነሳው ማሽን ግን ዕድሜያቸውን አልመዘገበም።

እንዲህ ያለ አቶም ሊኖር ይችላል ብሎ መጀመሪያ የጻፈው ክሮአሺያዊው ስትየፓን ሞሆሮቪቺች ነው፣ በ1934። አባቱ የምድርን ቅርፊት ወሰን ያገኘው ዝነኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ነው። ልጁ የአንስታይንን ሬላቲቪቲ አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር፣ ምናልባትም ለዚያ ይሆናል ብዙ ሰሚ ያላገኘው። ጽሑፉን ያወጣው በሥነ ፈለክ መጽሔት ላይ ነው፤ የዚህን አቶም ብርሃን ከዋክብት ላይ እንፈልግ ነበር ሐሳቡ። «ፖዚትሮኒየም» የሚለውን ስም ያወጣው ሌላ ሰው፣ አርተር ሩዋርክ፣ በ1945 ነው። ከዚያ በ1949 ኦር እና ፓውል ዕድሜውን አሰሉት።

ስሌቱ ሁለት ዕድሜ ነው የሰጠው። ኤሌክትሮንም ፖዚትሮንም ስፒን የሚባል ጠባይ አላቸው። የሁለቱ ስፒን ተቃራኒ ከሆነ ፓራ ይባላል፣ በሁለት ጋማ ጨረር ይጠፋል፣ ዕድሜውም 125 ፒኮሰከንድ ነው። ስፒናቸው አንድ አቅጣጫ ከያዘ ግን ኦርቶ ነው። ኦርቶ በሁለት ጨረር መጥፋት ሕጉ አይፈቅድለትም፣ ቢያንስ ሦስት ያስፈልገዋል። ይህ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ዕድሜው ይረዝማል፣ 142 ናኖሰከንድ ይሆናል። አንድ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ለእኛ ሁለቱም «ወዲያው» ናቸው። በመካከላቸው ግን ከሺህ ጊዜ በላይ ልዩነት አለ።

ይህንን ልዩነት በሙከራ ያሳየው ማርቲን ዶይች ነው። ዶይች በ1917 ቪየና ተወለደ። እናቱ ሄለነ ዶይች ከፍሮይድ ተከታዮች መካከል ስመ ጥር የሥነ ልቦና ሐኪም ነበረች። ቤተሰቡ በ1930ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እሱም በጦርነቱ ዓመታት ሎስ አላሞስ ሠራ፣ ኋላም ቦስተን አጠገብ ኤም አይ ቲ ውስጥ ቤተ ሙከራውን አቆመ። የእሱን ሙከራ የምወድለት ቀላልነቱን ነው። ሶዲየም 22 የሚባለው ንጥረ ነገር ፖዚትሮን ሲረጭ በዚያችው ቅጽበት አንድ ጋማ ጨረር አብሮ ይለቃል። ያ የልደት ምልክት ነው። ፖዚትሮኑ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጨረር ይወጣል፣ ጉልበቱ ግን ከመጀመሪያው ይለያል። ያ የሞት ምልክት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ለካህ ማለት የእያንዳንዱን ዕድሜ ያዝክ ማለት ነው።

ዶይች ምንጩን በጋዝ ውስጥ አኖረ። ናይትሮጅን ሞከረ፣ ያኔ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይገባ የነበረውን ፍሪዮንም ሞከረ። ጥቂቶቹ ፖዚትሮኖች አንድ ሰባተኛ ማይክሮሰከንድ ያህል እየቆዩ ይሞታሉ፣ የጋዙ ግፊት ቢቀየርም ይህ ዕድሜ ብዙም አይቀየርም። ተራ ፖዚትሮን ቢሆን ኖሮ ጋዙ በተጨናነቀ ቁጥር ቶሎ መሞት ነበረበት። ከዚያ ጥቂት ናይትሪክ ኦክሳይድ ጨመረበት። ረጅሙ ዕድሜ ድራሹ ጠፋ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ጥንድ የሌለው አንድ ኤሌክትሮን አለው። ከኦርቶ ጋር ሲጋጭ ስፒኑን አገላብጦ ወደ ፓራ ይቀይረዋል፣ ፓራ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ለእኔ ማስረጃው ይኼ ነው። አንድን ነገር ማየት ካልቻልክ እንዴት እንደሚሞት እወቅ፣ ከዚያ ግደለው። ይህ በ1951 ታተመ።

ጋዝ ቀላሉ ነበር። ፈሳሽና ጠጣር ላይ ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። በ1953 ካናዳ፣ ቾክ ሪቨር ውስጥ ቤልና ግራም የሚባሉ ሰዎች ፖዚትሮንን ውሃ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ውስጥ፣ መስታወት ውስጥ እየጨመሩ ለኩ። ያገኙት 142 አልነበረም፣ አንድ ሁለት ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ሌላ ነው። ቀልጦ የረጋ ኳርትዝ ውስጥ ይህ ዕድሜ አለ፣ ክሪስታል የሆነው ኳርትዝ ውስጥ ግን የለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲሊከንና ኦክስጅን ናቸው። የሚለያዩት በአደራደር ብቻ ነው። ክሪስታሉ ጥቅጥቅ ብሎ ተሰልፏል፣ መስታወቱ ግን ዝብርቅርቅ ስለሆነ መሐል መሐሉ ላይ ክፍተት አለው።

ዕድሜው ለምን አጠረ? ፖዚትሮኒየም ውስጥ ያለው ፖዚትሮን የራሱን ኤሌክትሮን ይዞ ሳለ፣ ዙሪያውን ሁሉ የሌላ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ከብቦታል። ስፒኑ ተቃራኒ የሆነ አንዱን ሲያገኝ የራሱን ትቶ ከዚያኛው ጋር ይጠፋል። ፈረንጆቹ «ፒክ ኦፍ» ይሉታል። የእኛው «ከጎረቤት ጋር ጠፋ» ከእነሱ ቃል የተሻለ ይገልጸዋል፣ ምክንያቱም በሁለቱም ፍቺ ጠፍቷል።

ፈሳሽ ሂልየም ላይ ሌላ እንቆቅልሽ መጣ። ፖልና ግራም በ1957 ሲለኩት ዕድሜው በአስሮች የሚቆጠር ናኖሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ፈሳሽ ነው፣ አቶሞቹ ተጠጋግተዋል፣ ታዲያ ጎረቤቱ የት ሄደ? በዚያው ዓመት ሪቻርድ ፌረል መልሱን ሰጠ። ፖዚትሮኒየም ለራሱ ቤት ይሠራል። በውስጡ ያለው ኤሌክትሮን የሂልየሙን ኤሌክትሮኖች አጥብቆ ስለሚገፋ አካባቢውን እየለቀቁ ይሸሻሉ፣ እሱም መሐል ላይ አረፋ ውስጥ ይቀራል። የፈሳሹ የገጽ ውጥረት አረፋውን ሊጨፈልቅ ይሞክራል፣ ፖዚትሮኒየሙ ደግሞ ከውስጥ ይገፋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ የአረፋው ሬዲየስ ሁለት ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ወረቀቱን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። መቶ ናኖሰከንድ የማይሞላ ዕድሜ ያለው ነገር መጀመሪያ ቤቱን ይቆፍራል፣ ከዚያ ይኖርበታል።

የሒሳቡ አካሄድ ለሌሎች ፈሳሾችም ሠራ። የገጽ ውጥረቱ ትልቅ የሆነው ውሃ አረፋውን ይጨምቀዋል፣ ዕድሜው 1.8 ናኖሰከንድ ነው። ቤንዚን በሚባለው የኬሚስቶች ፈሳሽ (መኪና የሚሞላው አይደለም) ከ3 ትንሽ ይበልጣል። ሄክሴን ውስጥ ወደ 4 ይጠጋል። ግን ይህ ሁሉ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው አየር ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው። ኦክስጅን እንደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ስላሉት ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ ፈሳሹን እያቀዘቀዙ፣ አየሩን እየሳቡ፣ መልሰው እያቀለጡ ደጋግመው ማጽዳት የግድ ነው። ይህችን የኦክስጅን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በ1968 ፈረንሳዮቹ ፖላንና አምብሮዚኖ ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት ውስጥ ለኩ። ዱቄት ጠጣር ነው፣ ዕድሜው አጭር መሆን ነበረበት። ሆኖም ነጻ ቦታ ላይ ወዳለው ዕድሜ ተጠግቶ አገኙት። ፖዚትሮኒየሙ ቅንጣቷ ውስጥ ይወለድና ወደ ውጭ ሾልኮ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይኖራል ማለት ነው። ባለቀዳዳ ነገር ሁሉ ለእሱ እንደ እንጀራ ነው፤ ሊጡ ላይ አይቀመጥም፣ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

ይህ ከሆነ ደግሞ ነገሩን መገልበጥ ይቻላል። ዕድሜውን ለክቶ የቀዳዳውን ስፋት ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። ታኦ በ1972፣ ኤልድሩፕና ባልደረቦቹ ደግሞ ዴንማርክ ሪሶ ላይ በ1981 ቀመሩን አበጁት። ቀዳዳውን ክብ ጉድጓድ ነው ብለው ወሰዱ። ግድግዳው ላይ ደግሞ 0.166 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የኤሌክትሮን ልባስ አደረጉ። ፖዚትሮኒየሙ ልባሱን በነካ መጠን በአማካይ በግማሽ ናኖሰከንድ ይሞታል። በቃ። የውሃውን 1.8 ብታስገቡበት ሩብ ናኖሜትር በትንሹ የሚያልፍ ሬዲየስ ይሰጣችኋል። ሩብ ናኖሜትር የሆነ ባዶ ቦታ በየትኛውም ማይክሮስኮፕ ፈሳሽ ውስጥ አይታይም። ቀመሩ ሸካራ ነው፣ ክብ ያልሆነውን ሁሉ ክብ ያደርጋል፣ ግን ይሠራል። ኋላ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪዎች በሽቦዎቹ መካከል ባለቀዳዳ ሲሊካ ማስገባት ሲፈልጉ፣ ቀዳዳው ምን ያህል ነው፣ እርስ በርስስ ይገናኛል ወይ የሚለውን በዚህ መንገድ መለካት ተቻለ። በዚህ ሥራ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው የዴቪድ ጊድሊ ቡድን ነው። ስሙን ያዙት፤ ወደ ዋናው ታሪክ ልገባ ነውና።

እዚህ ላይ ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። አራት ኪሎ ሳለሁ የአንደኛ ዓመት ቤተ ሙከራ ላይ የጋዝን መጠን በተለያየ ሙቀት እየለካን በወረቀት ላይ ነጥብ እናስቀምጥ ነበር። ከዚያ በነጥቦቹ ላይ መስመር ታሰምርና መጠኑ ዜሮ እስኪሆን ወደ ግራ ትጎትተዋለህ። መድረስ ያለበት −273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። የእኔ ነጥቦች ወደ −240 አካባቢ ነበር የሚሄዱት። ማስመሪያዬን ትንሽ አዘነበልኩና −273 ላይ አሳረፍኩት። አስተማሪው ወረቀቱን ዓይቶ «ነጥቦቹ የት እንደሚሄዱ ጠይቃቸው እንጂ አንተ አትንገራቸው» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። የሚቀጥለውን ታሪክ ሳነብ ያቺ ማስመሪያ ከፊቴ አልጠፋ አለች።

ፖዚትሮኒየምን በእውነተኛ ባዶ ቦታ መለካት ከባድ ነው። ስለዚህ የሚሺጋን ሰዎች እንደ ዶይች ጋዝ ውስጥ ለኩ፣ የጋዙን መጠን እየቀነሱ። ጋዙ በሳሳ ቁጥር ጎረቤት ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ወደ እውነተኛው ይጠጋል። ከዚያ መስመሩን ወደ ዜሮ ይጎትቱታል። በ1987 ያገኙት ዕድሜ 141.8 ናኖሰከንድ ነው። ንድፈ ሐሳቡ የሚለው ደግሞ ከ142 በትንሹ በላይ። ልዩነቱ ከናኖሰከንድ ሩብ ያህል ነው። ይህ ምንም አይደለም እንዳትሉ። ከራሳቸው የስህተት ወሰን ዘጠኝ ጊዜ ይበልጣል። የኤሌክትሮንና የብርሃንን ግንኙነት የሚገልጸው ኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ደግሞ የሰው ልጅ ካሉት ንድፈ ሐሳቦች ሁሉ በትክክለኛነቱ የታወቀው ነው።

ራሳቸውን ተጠራጠሩ። በ1990 ጋዙን ትተው ፖዚትሮኒየሙን ባዶ በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ አስገብተው ለኩ። ክፍሎቹ መጠናቸው የተለያየ ነው። ግድግዳው የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስወገድ ክፍሉ እጅግ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ወደሚለው መስመር ጎተቱ። አሁንም አጭር ሆነ፣ 141.9 ገደማ። ከንድፈ ሐሳቡ የራቀው የስህተት ወሰናቸውን ስድስት እጥፍ ነው። ሁለት የተለያየ ዘዴ፣ አንድ ዓይነት መልስ። ማን ነው ታዲያ የተሳሳተው?

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማመን ከባድ ነው፣ ግን በአደባባይ የታተመ ነው። ፖዚትሮኒየሙ አንዳንዴ ወደማናየው ነገር እየጠፋ ቢሆንስ? አንዳንዶች አክሲዮን የሚባል ቅንጣት (የባንኩ አክሲዮን አይደለም) ይለቃል ብለው ፈለጉ። ሼልደን ግላሾ በ1986 ፖዚትሮኒየም ወደ መስታወት ዓለም፣ ማለትም የእኛ ግልባጭ ወደሆነ ወደማይታይ ዓለም፣ ሊሾልክ ይችላል የሚል ሐሳብ ጽፎ ስለነበር እሱም ተነሳ። በየአገሩ ያልተለመደ አሟሟት ፍለጋ ተጀመረ። ምንም አልተገኘም። በሌላ በኩል የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ሒሳቡን አንድ ደረጃ ወደፊት ለመግፋት ዓመታት ፈጁ። አድኪንስ፣ ፌልና ሳፐርስታይን በ2000 ጨረሱት። አዲሱ ተጨማሪ ቁጥር ክፍተቱን ሊሞላ አልቀረበም።

ቶኪዮ ውስጥ አሳይ፣ ኦሪቶና ሺኖሃራ ግን ሌላ ጥያቄ ነበር የጠየቁት። መስመር ለምን እንጎትታለን? እነሱ ፖዚትሮኒየሙን ሲሊካ ዱቄት ውስጥ አስገቡት፣ ያንን ፈረንሳዮቹ የጀመሩትን ባዶ ቦታ ማለት ነው። ከዚያ ከጎረቤት ጋር የጠፋውን ለብቻ ቆጠሩት። ከጎረቤት የጠፋ ሁለት ጨረር ነው የሚለቀው፣ በራሱ የሞተ ግን ሦስት። የጨረሩን ጉልበት በጥንቃቄ ለይተህ ከለካህ በእያንዳንዱ ቅጽበት ምን ያህሉ በጎረቤት እንደጠፋ ታውቃለህ። በ1995 ያገኙት ዕድሜ 142.05 ናኖሰከንድ ነው፣ ንድፈ ሐሳቡ ያለው። የስህተት ወሰናቸው ከሚሺጋኖቹ ስለሚሰፋ ግን ክርክሩ ወዲያው አልተዘጋም።

ለካ ስህተቱ ፍጥነት ላይ ነበር። ፖዚትሮኒየም ሲወለድ በጣም ፈጣን ነው፣ ሰክኖ የአካባቢውን ሙቀት እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ሁሉም ሰው ቶሎ ይሰክናል ብሎ ነበር የወሰደው። ጋዙ በሳሳ ቁጥር ግን የሚያጋጨው ስለሚያንስ ለመስከን የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። ፈጣኑ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የሚጠፋበት መጠን የተለየ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ አልነበሩም፣ መጨረሻ ላይ ይጎብጣሉ፤ የሚጎብጡትም ልክ ማንም ሊለካበት በማይችለው ጥግ ላይ። በባዶ ክፍሎቹም ያው ነው፣ ፈጣኖቹ ክፉኛ ከግድግዳው ጋር ይጋጫሉ፣ ሾልከውም ይወጣሉ። ማስመሪያው ቀጥ ያለ ነበር፣ ተፈጥሮ ግን አልነበረችም። እኔ ያጭበረበርኩት አውቄ ነው። እነሱ ግን አንድም ነገር አላጭበረበሩም፣ ለዚህ ነው ታሪካቸው የሚከብደኝ።

ያስተካከሉትም ራሳቸው ናቸው። ቫለሪ፣ ዚትዘዊትዝና ጊድሊ በ2003 አዲስ ሙከራ አወጡ። ይህን ጊዜ ፖዚትሮኒየሙ የሚወለደው ናኖሜትር የሚለካ ቀዳዳ ባለው ስስ የሲሊካ ልባስ ውስጥ ነው። ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ደጋግሞ እየተላተመ ፍጥነቱን ካጣ በኋላ ተረጋግቶ ወደ ባዶው ክፍል ይወጣል። ዕድሜው 142.04 ናኖሰከንድ። ቶኪዮም በዚያው ዓመት እጅግ የጠበበ የስህተት ወሰን ይዞ እዚያው ላይ ደረሰ። የመስታወት ዓለም አላስፈለገም። የቀዳዳን ስፋት ለቺፕ ሠሪዎች ሲለካ የነበረው ያው ቡድን፣ የራሱን የአሥራ ስድስት ዓመት ስህተት በቀዳዳ አረመ። «ተሳስተን ነበር» የሚለውን በቁጥር ጽፈው ማተማቸው ለእኔ ከመጀመሪያው ልኬት የበለጠ ክብር አለው።

ባለቀዳዳው ሲሊካ ከዚያ በኋላም ሥራ አላጣም። ሂለሮስና ኦር በ1947 ሁለት ፖዚትሮኒየሞች ተያይዘው ሞለኪውል ሊሆኑ ይችላሉ ብለው አስልተው ነበር። ካሲዲና ሚልስ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2007 አደረጉት፣ ፖዚትሮኖችን በአንድ ጊዜ በገፍ ወደ ሲሊካ ቀዳዳ በመርጨት።

ወደ አክስቴ ልመለስ፣ ወደ ኦክስጅንም። ሰውነት ውስጥ ያለው ፖዚትሮኒየም በሞለኪውሎች መካከል ባለው ክፍተት ነው የሚኖረው። ዕድሜው በክፍተቱ ስፋትና በአካባቢው ባለው ኦክስጅን ይወሰናል። አንዳንድ ዕጢዎች ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ያንሳል። ክራኮቭ፣ ፖላንድ ያለው የያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ምስሉን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም የሚመዘግብ ማሽን ሠርቶ፣ በ2024 የአንድ የአንጎል ዕጢ ታካሚን ምስል አወጣ። ዕጢው ውስጥ ያለው ፖዚትሮኒየም በጤናማው አንጎል ውስጥ ካለው ይልቅ ቶሎ ይሞታል። አንድ ሰው ነው፣ የስህተት ወሰኑም ሰፊ ነው፣ ከዚህ ተነስቶ መስመር ለመጎተት እኔ አልቸኩልም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና ላይ ለአክስቴ ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። ውጤታቸው ደህና ነበር፣ ስለዚህ በተረጋጋ መንፈስ ነው የሰሙኝ። እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እና ስንት ነው ታዲያ? እኔ ውስጥ ያለው?» አሉ።

«ሁለት ናኖሰከንድ ገደማ፣ እትዬ።»

«እንዲያ በል። ወዲያው አልከኝ እኮ።»